የአሮጌ ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ የሚመረጠው በሚሊሜትር ነው

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ኮምፒውተሬ ፔንቲየም ዱዋል ኮር ኢ5300 የተባለ ፕሮሰሰር ነበረው፤ ፍጥነት እንዲጨምርልኝ ብዬ ያገለገለ ኮር ቱ ኳድ ኪው6600 አስገባሁበት። ከዚያ ወዲህ ፋኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ሥራ ሲበዛበት ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ሳያስጠነቅቅ ድርግም ይላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አዲስ ማቀዝቀዣ ገዝቶ ላከልኝ። ካርቶኑ ላይ ‹ኤልጂኤ 115ኤክስ› ይላል፤ እግሮቹ ግን ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ጋር ለጥቂት አልገናኝ አሉ። አንዱ ጠጋኝ ‹ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ትንሽ ላስፋው› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ደሴ ብርድ ነው፤ የኬዙን ክዳን አውልቀህ ተወው› ይላል። የማንን ልስማ? የትኛውንስ ማቀዝቀዣ ልግዛ?»

ምላሽ፦ የሁለቱንም አይስሙ። መሰርሰሪያው ማዘርቦርዱን ሊገድልብዎት ይችላል፤ ክዳን ማውለቁም ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አይፈታውም።

ከመሰርሰሪያው ልጀምር። ማዘርቦርድ አንድ ወጥ ሰሌዳ አይደለም። በርካታ ስስ ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ሲሆን በየንጣፉ መካከል ከላይ የማይታዩ የመዳብ መስመሮች ያልፋሉ። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ደግሞ እነዚህ መስመሮች እጅግ ይጠጋጋሉ፤ ወደ ሚሞሪውና ወደ ሌሎቹ ክፍሎች የሚሄደው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነውና። ቀዳዳው በአንድ ሚሊሜትር ሲሰፋ አንዱ መስመር ሊቆረጥ፣ ወይም የመዳቡ ብናኝ ሁለት መስመሮችን ሊያገናኝ ይችላል። ቦርዱ ወዲያው ቢሞት እንኳ ቁርጡ ይታወቃል። የሚከፋው ዛሬ ሠርቶ ከወር በኋላ ምክንያቱ የማይገኝ ችግር ማምጣቱ ነው፤ ያኔ ጠጋኙም እርስዎም ሚሞሪ ስትቀይሩ፣ ዊንዶውስ ስትጭኑ ትከርማላችሁ።

እግሮቹ ለምን እንዳልገናኝ እንዳሉ ለመረዳት አንድ ማስመሪያ ይበቃል። ኢንቴል በ2004 ባወጣው ኤልጂኤ 775 ሶኬት፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ መቀመጫ፣ ዙሪያ ያሉት አራት ቀዳዳዎች በመሐላቸው 72 ሚሊሜትር ይራራቃሉ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2009 ከመጣው 1156 ጀምሮ፣ በ1155፣ በ1150 እና በ1151 አልፎ በ2020 እስከ ወጣው 1200 ድረስ ርቀቱ 75 ሚሊሜትር ሆነ። በ2021 የመጣው 1700 ወደ 78 ከፍ ብሏል። ካርቶኑ ላይ ያነበቡት 115ኤክስ የ75 ሚሊሜትሩ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ኢ5300ም ኪው6600ም የሚቀመጡት 775 ላይ ስለሆነ ወንድምዎ የላኩት ዕቃ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት የሌላ ቤተሰብ ዕቃ ሆነ። ሻጩ የሚመልስ ከሆነ ይመልሱት። የማይመልስ ከሆነ አይጣሉት፤ ወደፊት ከመጀመሪያው ትውልድ የ1156 ኮር አይ ፋይቭ ጀምሮ እስከ 1200 ሶኬት ድረስ ያለ ማሽን ቢገዙ ይገጥምልዎታል።

«ቦርዱን ካልነካን የማቀዝቀዣውን እግር እንሞርደው» የሚል ሌላ ብልሃትም ይመጣልዎታል፤ ሳይመጣ ይዝጉት። ሂት ሲንኩ፣ ማለትም ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት፣ ሥራውን የሚሠራው በአራቱም ማዕዘን በእኩል ኃይል ፕሮሰሰሩ ላይ ሲጫን ነው። ከአራቱ እግሮች አንዱ ላላ ካለ ብረቱ ያዘነብላል፤ በዓይን የማይታይ ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱን ደግሞ አየር ይይዘዋል። አየር ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ደካማ ነው። በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰሩ ማቀዝቀዣዎች የሚከሽፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንድ ማቀዝቀዣዎች ግን ከፋብሪካቸው ጀምሮ እግራቸው በሸርተቴ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ካርቶናቸው ላይም 775 እና 115ኤክስ ሁለቱም ተጽፈው ይገኛሉ። እነዚያን ያለ ሥጋት ይግዙ።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። ማሽንዎ መታመም የጀመረው ፕሮሰሰሩ የተቀየረ ዕለት መሆኑን እርስዎው ጽፈዋል፤ መልሱም እዚያው ውስጥ አለ። ኢ5300 ለ65 ዋት ሙቀት የተመደበ ፕሮሰሰር ነው። ኪው6600 ደግሞ በሁለት ዓይነት ወጥቷል፤ የመጀመሪያው 105 ዋት፣ ኋላ የተሻሻለው 95 ዋት ነው። ዋቱ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በከባድ ሥራ ላይ ሲቆይ ማቀዝቀዣው ማስወጣት ያለበትን የሙቀት መጠን ነው። ከኢ5300 ጋር ይመጣ የነበረው የኢንቴል ማቀዝቀዣ ቁመቱ አጭር፣ ገላው በሙሉ አሉሚኒየም ነበር። ለ65 ዋት በቂ ነው። እርስዎ በዚያው ላይ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሙቀት ጫኑበት። ፋኑ የሚጮኸው ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ ቦርዱ «ፍጠን» እያለው አቅሙን ሁሉ አውጥቶ እየሮጠ ነው።

መንቀራፈፉና ድርግም ማለቱም የአንድ ነገር ሁለት ደረጃዎች ናቸው። የዚህ ዘመን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ይህም ካልበቃ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ አራት ኮር ገዝተው ከሁለት ኮሩ ያነሰ ሥራ እየሠራልዎት ሊሆን ይችላል። ይህን በግምት አይተዉት፤ ኮር ቴምፕ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነው ቁጥሩን ያንብቡ። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ደግሞ ማሽኑን ሳይከፍቱ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ይነግርዎታል፤ «ሪቪዥን» ከሚለው ቃል ፊት ቢ3 ከተጻፈ 105 ዋቱ፣ ጂ0 ከተጻፈ 95 ዋቱ ነው። የፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን ላይ የሚታተመው መለያ ለመጀመሪያው ኤስኤል9ዩኤም፣ ለሁለተኛው ኤስኤልኤሲአር ነው። ልዩነቱ ተራ እንዳይመስልዎት፤ ኢንቴል በክዳኑ ላይ የፈቀደው የሙቀት ጣሪያ ለመጀመሪያው 62.2 ዲግሪ ሲሆን ለሁለተኛው 71 ዲግሪ ነው። የገዙት ቢ3 ከሆነ ብዙ እያሞቀ ትንሽ የሚችል ፕሮሰሰር ነው የያዙት። ሻጩ ጂ0 ካለውና የሚለውጥዎት ከሆነ ያለማመንታት ይለውጡት።

«ደሴ ብርድ ነው» የሚለውን ክርክር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ የክፍሉ አየር በአሥር ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል። ተናጋሪው የሚረሳው ከፍታውን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ቢዞርና ያንኑ ያህል ስፍራ የሚይዝ አየር ቢገፋም፣ የተገፋው አየር ሳስቶ ስለሚመጣ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ፣ በደሴ ከፍታ ይህ ልዩነት በግምት ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ይጨምራል። የጦሳ ተራራ ብርድ የሰጠዎትን ከፍታው መልሶ ይወስደዋል ማለት ነው። እኔ በምሠራበት በኮምቦልቻ ደግሞ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ አየሩ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ነገር ግን ከክረምቱ መግቢያ በፊት ከ30 ዲግሪ የሚያልፉ ቀናት አሉብን። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ የመጣ ማሽን እዚህ አይሻለውም፤ እዚህ የታመመም ወደ ላይ ስለወጣ አይድንም። ብዙ አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንዲቀነስ በመግለጫቸው ላይ ይጽፋሉ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «እስከ 95 ዋት» የሚል ማቀዝቀዣ ለ95 ዋት ፕሮሰሰር እኛ ዘንድ ልክ ልኩን ነው፤ ትርፍ የለውም። አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይያዙ።

ክዳን ስለማውለቅ ብዙ አልልም። ለሙከራ ያህል ክዳኑን አውልቀው ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ከወረደ፣ ችግሩ በከፊል ከኬዙ የአየር መውጫ ነው ማለት ነው፤ ከኋላ አንድ ፋን ይጨምሩ። እንደ ቋሚ መፍትሔ ግን በፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ከዚህ የባሰ ምክር የለም። የወረቀት ብናኝና የቶነር ዱቄት በአየሩ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ቤቱ ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ ደግሞ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ስስ ቅባት ሆኖ ክንፎቹ ላይ ይቀመጥና አቧራውን ይይዘዋል። ተከፍቶ በተቀመጠ ማሽን ውስጥ በጥቂት ወራት ከፋኑ በታች ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጥፎ ያገኙታል።

እንግዲህ ምን ይግዙ? ምርጫዎ ሦስት ነው።

አንደኛው ከ95 ወይም ከ105 ዋት የ775 ፕሮሰሰር ጋር አብሮ የወጣ ዋናው የኢንቴል ማቀዝቀዣ ነው። ከአጭሩ የሚለዩት በሁለት ነገር ነው፤ ቁመቱ ረዘም ይላል፤ ገልብጠው ሲያዩት ፕሮሰሰሩን የሚነካው መሐሉ ቀይ፣ ማለትም መዳብ ነው። መዳብ ሙቀትን ከአሉሚኒየም በእጅጉ ፈጥኖ ያስተላልፋል። ከተጣሉ ማሽኖች ተነቅሎ በየጥገና ቤቱ መደርደሪያ ላይ ስለሚገኝ ዋጋውም ቀላል ነው። አሮጌ ሂት ሲንክ መግዛት አያስፈራዎት፤ ብረቱ ክንፉ ካልተጣመመ አያረጅም። የሚያረጁት ፋኑና ማቀዝቀዣውን ከቦርዱ ጋር የሚይዙት የፕላስቲክ ካስማዎች ናቸው። ፋኑን በጣትዎ አዙረው ይሞክሩት፤ ካንገዳገደ ወይም ቶሎ ከቆመ ይለፉት። ካስማዎቹ ነጭ ስንጥቅ ካላቸው ሲጫኑ ይሰበራሉ፤ ለብቻቸው ስለሚሸጡ አዲስ ይጠይቁ።

ሁለተኛው 775ን የሚቀበል አዲስ ማቀዝቀዣ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ስሙ ነው። አምራቾች የታወቀ ስም ይዘው ውስጡን ያድሳሉ፤ ሲያድሱም ለአዲሶቹ ሶኬቶች ቦታ ለመስጠት 775ን ከዝርዝሩ ያወጡታል። ጓደኛዎ ከዓመታት በፊት ገዝቶ የገጠመለት ሞዴል ዛሬ በዚያው ስም ተሽጦ ላይገጥምልዎት ይችላል። ስለዚህ «የ775 ነው» ከሚል ሻጭ ይልቅ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዝርዝር ይመኑ፤ 775 የሚለው ቁጥር በግልጽ ከሌለ አይግዙ። ሁለተኛው ወጥመድ ቁመት ነው። ሃይፐር 212 ኢቮ የተባለው ታዋቂ የኩለር ማስተር ምርት 775ን ይቀበላል፤ ቁመቱ ግን 159 ሚሊሜትር ነው። በዘመኑ በነበሩት ጠባብ ኬዞች ውስጥ ክዳኑ አይዘጋም፤ ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩም፣ ከላይ ተንጠልጥሎ መንገድ ሊዘጋበት ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑን አጥፍተው፣ ማስመሪያውን ከፕሮሰሰሩ ክዳን ደረጃ አቁመው እስከ ኬዙ ክዳን መዝጊያ ድረስ ይለኩ፤ ካገኙት ላይ አንድ ሴንቲሜትር ይቀንሱ። የቀረው የሚፈቀደው ቁመት ነው። እንደ አርክቲክ ፍሪዘር 7 ፕሮ ያሉት ባለ 92 ሚሊሜትር ፋን ማቀዝቀዣዎች አጠር ስለሚሉ ለእንዲህ ዓይነት ኬዝ ይሻላሉ።

ለረጃጅሞቹ ሌላም ገደብ አለ። ኢንቴል በፕላስቲክ ካስማ ብቻ ለሚያዝ የ775 ማቀዝቀዣ ያስቀመጠው የክብደት ጣሪያ 450 ግራም ነው። ከዚያ የሚከብድ ዕቃ ከቦርዱ ጀርባ የሚገባ የብረት መደገፊያና ብሎን ሊኖረው ይገባል። ከባድ ማቀዝቀዣ ያለውን ማሽን ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሲያጓጉዙም አያቁሙት፤ ቦርዱ ከታች እንዲሆን በጎኑ ያስተኙት።

ስለ አየሩ አቅጣጫ ሻጮች እምብዛም አይነግሩዎትም። ቋሚ የሆኑት ማቀዝቀዣዎች አየሩን ወደ ጎን ይነፋሉ። የኢንቴሉ ዓይነት ጠፍጣፋው ግን ወደ ታች፣ ወደ ቦርዱ ይነፋል። ጂ41 በተባለው የኢንቴል ቺፕሴት በተሠሩ ርካሽ ቦርዶች ላይ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያዘጋጁት ትናንሽ ጥቋቁር ክፍሎች የራሳቸው ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ የሚኖሩት ከፕሮሰሰሩ ፋን በሚተርፈው አየር ነው። ኪው6600 ሲገባ እነሱም ከበፊቱ ይበልጥ ይሞቃሉ። በእንዲህ ያለ ቦርድ ላይ ወደ ጎን የሚነፋ ትልቅ ማቀዝቀዣ አስገብተው ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዞ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። የእርስዎ ቦርድ ምን እንደሆነ አልጻፉም፤ ከኢ5300 ጋር ከተሸጠ ከዚህ ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የቦርዱ አምራች ካወጣው የፕሮሰሰር ዝርዝር ውስጥ ኪው6600 መኖሩንና የስንት ዋቱ እንደተፈቀደም ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ምርጫ ምንም አለመግዛት ነው፤ ኢ5300ን ከነአጭሩ ማቀዝቀዣው መልሶ ማስገባት። ይህን እንደ ሽንፈት አይዩት። ለጽሕፈት፣ ለስካንና ለኅትመት ፍጥነት የሚሰጥዎት አራት ኮር አይደለም፤ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ መቀየር ነው። ልዩነቱን ማሽኑን በከፈቱበት ቅጽበት ያዩታል።

የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ መሐሉ መዳብ የሆነውን ረጅሙን የኢንቴል ማቀዝቀዣ ፈልገው በአዲስ ካስማና በአዲስ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ቅባት) ያስገጥሙ። ደሴ ፒያሳ ካሉት ጥገና ቤቶችም ኮምቦልቻም ካጡት፣ ወይም ፕሮሰሰሩ ቢ3 ሆኖ የሚለውጥልዎት ከጠፋ፣ ኪው6600ን ሸጠው ገንዘቡን ኤስኤስዲ ላይ ያውሉት። በውሃ ለሚሠሩት ማቀዝቀዣዎች ግን አንድ ብር እንዳያወጡ፤ ከማሽንዎ ሙሉ ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ፤ የሚያፈሱ ከሆነም ከሥራ ሰነድዎ ጋር ይወስዱታል።

ስለ ፋኑ ሶኬት አንድ ነገር ይወቁ። አራት ሽቦ ያለው ፋን በአራተኛው ሽቦ ከቦርዱ የፍጥነት ትእዛዝ ይቀበላል። ሦስት ሽቦ ያለውን በአራት እግር ሶኬት ላይ መሰካት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሙሉ ፍጥነት እየጮኸ ይሠራል። ለጸጥታ ከፈለጉ ባለ አራቱን ይግዙ። የሚንኳኳ ፋን ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ አዲስ ፋን እስኪመጣ ድረስ እኔም አልቃወመውም። የምግብ ዘይት ግን ይደርቅና ፋኑን ያጣብቀዋል።

አገጣጠሙ ላይ ከዕቃው ምርጫ ያልተናነሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኛው «ይህ ማቀዝቀዣ አይረባም» የሚባለው ዕቃ በአግባቡ ያልገባ ነው። ለማውጣት አራቱን ካስማዎች በቀስቱ አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙረው ወደ ላይ ይስቧቸው። ለማስገባት መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ነበሩበት ይመልሱ፤ ብዙዎች ይህን ዘለው ካስማው የያዘ ይመስላቸዋል። ከዚያ በሰያፍ ትይዩ የሆኑትን ሁለቱን፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ሁለት ቀጭ እስኪሉ ይጫኑ። ቦርዱን ከኬዙ አውጥቶ መሥራት አድካሚ ቢሆንም አማራጭ የለውም፤ ጀርባውን ገልብጠው አራቱም ጥቋቁር ጫፎች ነጩን ፕላስቲክ ከፍለው መውጣታቸውን በዓይንዎ ካላዩ አልገጠመም።

አሮጌውን ፔስት ከሁለቱም ፊት በአልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያጽዱ። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 በመቶው ይሆናል፤ እስኪደርቅ ብቻ ይታገሱ። አዲሱን ፔስት በስሱ ነው የሚቀቡት። የፔስት ሥራ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን ሸካራነት መሙላት ብቻ ስለሆነ፣ ሲበዛ ራሱ የሙቀት እንቅፋት ይሆናል። ኪው6600 ከክዳኑ ሥር ሁለት ለየብቻ የተሠሩ ባለ ሁለት ኮር ቁራጮች ጎን ለጎን ተቀምጠውበታል፤ ስለዚህ መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ ከማድረግ ይልቅ ሁለቱን የሚያዳርስ አጭር መስመር ያድርጉበት። በፔስት ፋንታ የጥርስ ሳሙና የሚቀባ ሰው ካጋጠመዎት ማሽንዎን ይዘው ይውጡ። ፕሮሰሰሩን ራሱን ካነሡት ደግሞ በ775 ሶኬት ውስጥ ያሉትን ወርቃማ ሽቦዎች ጨርቅም ጣትም እንዳይነካቸው፤ አንዷ ከታጠፈች ሌላ ቦርድ ፍለጋ ይሄዳሉ።

አቧራውን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር የማስነፋት ልማድ አለን። የሚከፋ አይደለም፤ ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ኮምፕሬሰሩ ውሃ ስለሚያጠራቅም መጀመሪያ ወደ መሬት ያስነፉት። ፋኑንም በጣትዎ ይዘው ያቁሙት፤ በዚያ ግፊት ሲሽከረከር መዞሪያው ይበላሻል። የፎቶ ኮፒ ቤት ማሽን ስለሆነ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ቶነር ለሳንባ አይመችም።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ባለንብረቶች ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማሽናችሁ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኮምፓክን የመሰለ የቢሮ ማሽን ከሆነ እስካሁን ያልኩት የቀዳዳ ልኬት ላይበቃችሁ ይችላል። በብዙዎቹ ውስጥ የማቀዝቀዣው ብሎን የሚታሰረው ከቦርዱ አልፎ ኬዙ ላይ ነው፤ የፋኑ ሶኬትም የሽቦዎቹ ብዛት ወይም ቅደም ተከተል ሊለይ ይችላል፤ የማያውቀውን ፋን ሲያይ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር የፋን ስሕተት ብሎ ሊቆም ይችላል። ለእነዚህ የሚያዋጣው ከዚያው ሞዴል የተነቀለ ሙሉ ማቀዝቀዣ ነው፤ የዕቃ ቁጥሩ በተለጠፈበት ወረቀት ላይ ይገኛል። የኤኤምዲ ባለቤቶች ደግሞ ኤኤም2 እና ኤኤም3 ላይ ማቀዝቀዣው በሁለት ጎን በሚይዝ መንጠቆ ስለሚታሰር ነገሩ ይቀልላችኋል፤ ኤኤም4 ላይ ግን ቀዳዳዎቹ ተለውጠዋልና ብሎን ያለው ዕቃ ስትገዙ ለዩ። በእነዚህ አሮጌ ኤኤምዲዎች እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሂት ሲንኩ ጋር አጣብቆ ከሶኬቱ ይነቅለዋል፤ እግሮቹም ይጣመማሉ። ስለዚህ ማሽኑን ጥቂት አሠርታችሁ ፔስቱ ሲሞቅ አጥፉትና የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ሂት ሲንኩን ወዲያና ወዲህ በቀስታ አወዛውዛችሁ አላቁት እንጂ ቀጥ አድርጋችሁ አትሳቡት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ገጥሞ ሲያበቃ የኬዙን ክዳን ዘግተው፣ የተለመደውን የሥራ ጫና ለግማሽ ሰዓት ያህል እያሠሩት ኮር ቴምፕን ያንብቡ። ቁጥሩ የሚለካው ከውስጥ፣ ከኮሮቹ ላይ ስለሆነ ኢንቴል ለፕሮሰሰሩ ክዳን ከጻፈው ጣሪያ በጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ አይደንግጡ። ለጂ0 ከ75 በታች ከቆየ ይሥሩበት። ከ85 ካለፈ ያጥፉትና ካስማዎቹን እንደገና ይዩአቸው፤ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ከአራቱ አንዱ አልያዘም። ሙቀቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ማሽኑ አሁንም ድርግም ካለ ግን ሌላ ማቀዝቀዣ እንዳይገዙ። ከዚህ በኋላ የሚጠረጠረው ከ65 ዋት ወደ 95 ዋት የወጣውን ጭነት መሸከም ያቃተው አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ወይም በፕሮሰሰሩ አጠገብ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ቆርቆሮ መሰል ክፍሎች። ያበጠ ካፓሲተር በዓይን ይታያል፤ ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ ከሌላ ማሽን ተውሰው ለአንድ ቀን ይሞክሩት።